ሶናሬ ጥልቀት አላነብ አለኝ፣ ነገ ሲነጋጋ ባሕር እገባለሁ፤ ዓሣ ያለበትን ቦታ በምን ላግኝ?

ጠያቂ፦ ወገኖች፣ አንድ በሉኝ! የሶናሩ (ድምፅ ወደ ታች እየላከ ጥልቀትና ዓሣ የሚያሳየው መሣሪያ) ስክሪን ይበራል፤ የጥልቀት ቁጥር በሚመጣበት ቦታ ግን ሰረዝ ብቻ ነው የሚታየው። ነገ ሊነጋጋ ሲል በካያክ (በመቅዘፊያ በሚሄድ ጠባብ ጀልባ) ልወጣ ነው። ዳርቻውን አላውቀውም። እንዴት ላስተካክለው? ካልተስተካከለስ መንጠቆዬን የት ልጣል? ቶሎ ድረሱልኝ።

ባለባትሪው፦ ባትሪ ነው። ቻርጅ አድርገው፣ ፊውዙንም እይ።

ጨው ውሃ፦ ስክሪኑ ከበራማ ኃይል እየደረሰው ነው። ሰረዝ የሚመጣው ከትራንስዱሰሩ (ድምፁን ከሚልከውና ከሚቀበለው ክፍል) የወጣው ድምፅ ታች ነክቶ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ሁለት ነገር ንገረን፦ ውሃ ላይ ሆነህ ነው የሞከርከው ወይስ ደረቅ ላይ? ትራንስዱሰሩስ የት ነው የተገጠመው? አየር ላይ ከሆነ ጤነኛውም ቢሆን ሰረዝ ነው የሚያሳየው።

ጠያቂ፦ ውሃ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ከውጭ ነቅዬ በካያኩ ሆድ ውስጥ በሲሊኮን አጣብቄዋለሁ። ከዚያ በፊት ይሠራ ነበር።

ጨው ውሃ፦ በል ችግሩ ተገኘ። በሲሊኮኑ ውስጥ የአየር አረፋ ቀርቷል። ድምፁ ፕላስቲክን ያልፋል፣ አየርን ግን አያልፍም፤ ትንሽ አረፋ ይበቃዋል። ለማረጋገጥ ትራንስዱሰሩን ፈልቅቀህ በገመዱ ከካያኩ ጎን ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው። ቁጥር ከሰጠህ ዕቃው ደህና ነው። ለነገ ሲሊኮን እንደገና አትቀባ፤ አይደርቅልህም። የካያኩን ወለል ጠርገህ፣ ቫዝሊን ወፈር አድርገህ ቀብተህ፣ ትራንስዱሰሩን ወዲያ ወዲህ እያሽከረከርክ ተጫነው፤ አየሩ በጎን ይወጣል። እንዳይንሸራተት በስፖንጅ ደግፈው። ወለሉ ሁለት ንብርብር ከሆነ ወይም በመሃሉ ፎም ካለ ግን ከውስጥ ምንም ብታደርግ አያነብም፤ ወደ ውጭ መልሰው።

ባለባትሪው፦ ለማንኛውም ባትሪውን ቻርጅ አድርገው።

እርሳስ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አይዋጥልኝም። ዳር ላይ፣ ከ1 እስከ 3 ሜትር ውሃ ውስጥ፣ ሶናር ዓሣ አያሳይህም። የድምፅ ጨረሩ 20 ዲግሪ ስፋት ቢኖረው፣ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚያየው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ክብ ብቻ ነው፤ እሱም ከመቀመጫህ ሥር። በዚያ ጥልቀት ያለ ዓሣ ካያኩ ከላዩ ሳይደርስ ይሸሻል። ለጥልቀት ብቻ ከሆነ 10 ሜትር ቀጭን ገመድ በየሜትሩ ቋጥርና 250 ግራም እርሳስ እሰርበት። ወደ ታች ስትለቀው ድንጋይ ከሆነ እጅህ ላይ ጠቅ ይላል፣ ጭቃ ከሆነ ሲነሣ ይይዝሃል፣ አሸዋ ከሆነ ሲጎተት ለስለስ ይላል። ከእርሳሱ ሥር ቅባት ብትለጥፍበት የወለሉን አሸዋና የዛጎል ስብርባሪ ይዞልህ ይመጣል። ጥልቀቱ 2 ሜትር ካልሞላ መቅዘፊያህን በቁሙ ማስገባት ይበቃል።

ሙላትና ጉድለት፦ ልጆች፣ ዋናውን ዘለላችሁት። ከቦታ በፊት ሰዓት ነው። በብዙ ዳርቻ ውሃው ለ6 ሰዓታት ያህል ይሞላል፣ ለ6 ሰዓታት ያህል ይጎድላል፤ ግን እኩል እኩል አይደለም። የሚጎድለውን 12 ቦታ ብትከፍለው በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3፣ 3፣ በአምስተኛው 2፣ በመጨረሻው 1 እጅ ነው የሚሄደው። ግማሹ ውሃ በመካከለኛዎቹ ሁለት ሰዓታት ያልፋል ማለት ነው። ትንንሾቹ ዓሦች በፍሰቱ ሲገፉ ትልልቆቹ ጠርዝ ይዘው ይጠብቃሉ። ውሃው ቀጥ ሲል ጥሩ የተባለው ቦታም ባዶ ይመስላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ፍሰቱም ይበረታል። በቀን አንዴ ብቻ የሚሞላ ባሕርም ስላለ የአካባቢህን የሙላት ሠንጠረዥ ሳታይ አትተኛ።

ጠያቂ፦ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን የት ልቅዘፍ? ባሕሩ ሰፊ ነው!

ሳቂታ፦ ዓሣዎቹ ሶናርህ መበላሸቱን ሰምተው ነገ ዳር ወጥተው ይቀበሉሃል 😄 ከቀልዱ ውጭ፣ አሁኑኑ የሳተላይት ምስል ክፈት። ብዙ ጊዜ ጥቁር የሚመስለው የባሕር ሣር ነው፣ ነጣ ያለው አሸዋ። በሣሩ መሃል ክብ ነጭ ጉድጓድ ካየህ ምልክት አድርግበት፤ አድፋጭ ዓሣ የዚያን ዳር ይወዳል። የተለያየ ዓመት ምስል ካለ ውሃው የጎደለበትን ምረጥ፤ ቦዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ከባሕር ካርታ ጋር አስተያየው። የጥልቀት መስመሮቹ የተጠጋጉበት ወለሉ ድንገት የሚወርድበት ነው። ቁጥሩ ከሥሩ ከተሰመረበት ያ ቦታ ውሃው ሲጎድል ደረቅ ይሆናል፤ እዚያ ሆነህ ውሃው ከሸሸ ካያክህን ጭቃ ላይ ልትጎትት ነው።

ጨው ውሃ፦ በዚህ ላይ ልጨምር። ውሃው እየጎደለ ከሆነ በቀጥታ ወደ ጅረቱ አፍ ሂድ። ትንሹ ጅረት ወደ ዋናው ቦይ የሚገባበት፣ ደፍራሹና የጠራው ውሃ የሚገናኙበት መስመር አለ። ካያክህን አፉ ላይ አታቁም፤ ከጎን ቆመህ ወደ ፍሰቱ ወርውርና ማታለያውን (ሰው ሠራሹን የዓሣ ማባበያ) ውሃው ራሱ ወደ ጠርዙ ያውርደው። እየሞላ ከሆነ ደግሞ አዲስ ውሃ የሚሸፍነውን የሣር ሜዳና የድንጋይ ዳር ተከተል። በጥሩ ቦታ 20 ደቂቃ ያህል ስትወረውር ምንም ካልነካ ቀይር።

እርሳስ፦ ዓይንህንም ተጠቀም። የፖላራይዝድ መነጽር (የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ) አድርግና ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ። ወፎች የሚጠልቁበት፣ ነፋስ ሳይኖር ውሃው የሚንቀጠቀጥበት፣ ትንንሽ ዓሣ የሚዘልበት ሲገኝ ካርታውን ትተህ ወደዚያ ቅዘፍ።

ሙላትና ጉድለት፦ አንድ ማሳሰቢያ፣ ይህችን አትለፋት። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር ከሆነ ዳር ላይ ፀጥ ያለ ይመስልሃል፤ ራቅ ስትል ግን ይዞህ ይሄዳል። ነፋስና ፍሰት ሲቃረኑ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። መልህቅህን ከካያኩ ጫፍ እሰር፣ ከጎን በፍጹም፤ ፍሰት ባለበት ጎን ላይ የታሰረ ገመድ ይገለብጥሃል። ገመዱ ከጥልቀቱ ቢያንስ 5 እጥፍ ይሁን፦ 3 ሜትር ላይ 15 ሜትር። ጫፉ ላይ ትንሽ ተንሳፋፊ እሰርና በአንድ ጉተታ እንዲለቀቅ አድርገው። ላይፍ ጃኬቱ ከመቀመጫ ኋላ ሳይሆን ደረትህ ላይ ይሁን።

ባለባትሪው፦ ወንድሜ፣ ባትሪውስ?

ጨው ውሃ፦ ጠያቂ፣ የነገው ሙላት ስንት ሰዓት እንደሆነና ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጻፍልን፤ የመውጫህን ሰዓት አብረን እናስላው።