ኤድጋር ፓስክ፦ ተደንዝዞ ገንዳ ውስጥ የተጣለው የአየር ኃይል ሐኪም። ሙከራው እንዴት ተሠራ?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለነበሩ የብሪታኒያ አየር ኃይል ሐኪሞች ሳነብ የኤድጋር ፓስክ ስም ይደጋገማል። ራሱን አስደንዝዞ ውሃ ውስጥ እንዲጥሉት እንዳደረገ፣ ከ40,000 ጫማ በፓራሹት መውረድንም መሬት ላይ ሆኖ እንደሞከረ ተጽፏል። ሁለት ነገር አልገባኝም። የላይፍ ጃኬት ለመፈተሽ ሰው ማደንዘዝ ለምን አስፈለገ? ፈቃደኛ ዋናተኛ «ራስህን ልቀቅ» ቢባል ወይም አሻንጉሊት ቢጣል አይበቃም ነበር? 40,000 ጫማውንስ መሬት ላይ ከየት አመጡት?

ሰመመን ሰጪ
ሥራው ከሙያው የመጣ ስለሆነ ከማንነቱ ልጀምር። ፓስክ (እ.ኤ.አ. 1912–1966) የሰመመን ሐኪም ነበር። ኦክስፎርድ በፕሮፌሰር ሮበርት ማኪንቶሽ ሥር ሲሠራ ቆይቶ በ1941 አየር ኃይሉን ተቀላቀለ፤ የተመደበውም እንግሊዝ ውስጥ ፋርንቦሮ በሚገኘው የፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር ጥናት) ላቦራቶሪ ነው። እስከ ዊንግ ኮማንደር ደርሷል፣ በምድር ጦር ሌተና ኮሎኔል እንደማለት። ማኪንቶሽም ቢሆን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆኖ ተመትቶ የተማረከ ሰው ነው፤ ዛሬም በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ የሚገኘው ጥምዝ የላሪንጎስኮፕ (የጉሮሮ ማያ መሣሪያ) ምላጭ በስሙ ይጠራል። በገንዳው ሙከራ አደንዛዡ ማኪንቶሽ፣ ተደንዛዡ ፓስክ ነበሩ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ችግሩ ጃኬቱ አለመንሳፈፉ አልነበረም። ሜይ ዌስት የሚባለው የዘመኑ ጃኬት በደንብ ያንሳፍፋል። ግን ራሱን የሳተ አብራሪ በፊቱ ተደፍቶም ይንሳፈፋል፣ እንደተደፋም ይሞታል። ንቁ ሰው ይህን ሊያሳይህ አይችልም። የቱንም ያህል «ልቀቅ» ብትለው ውሃ አፍንጫውን ሲነካው አንገቱን ያቃናል፣ ትንፋሹንም አምቆ ይይዛል። በረጅሙ ስቦ ያመቀው አየር ብቻ 2 ወይም 3 ሊትር ተጨማሪ ነው፤ ይህ ማለት ደረቱ ላይ 2 ወይም 3 ኪሎ የሚያነሳ ነገር መጨመር ነው። የተደነዘዘ ሰው ሳንባ በተራ ትንፋሽ መጨረሻ ላይ ከ2 ሊትር ብዙም አይበልጥ፣ አንገቱም እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደፈለገው ይወድቃል። አሻንጉሊት ደግሞ መገጣጠሚያው ግትር ነው፤ የሰውን አጥንት፣ ሥጋና አየር ክፍፍል አይመስልም። ስለዚህ የቀረው አንድ መንገድ ነበር፦ እውነተኛ ሰው፣ ጡንቻው ሙሉ በሙሉ እስኪላላ በኤተር (የዘመኑ የሚተነፈስ ማደንዘዣ) ተደንዝዞ።

አሠራሩ ላይ የሚያስቸግሩት ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ በትንፋሽ ቧንቧው የሚገባው ቱቦ ጫፉ ላይ የሚነፋ ፊኛ ከሌለው ውሃ በጎን ይገባል። (ይህን አስቀድሞ ያሳየው አሜሪካዊው አርተር ጉዴል ነው፦ «ኤርዌይ» የሚባል የራሱን ውሻ አደንዝዞ፣ ፊኛ ያለው ቱቦ አስገብቶ ውሃ ውስጥ ይዘፍቀው ነበር። ውሻው ነቅቶ ውሃውን አራግፎ ይሄዳል።) ሁለተኛ፣ ከገንዳው ዳር እስከ አፉ የሚደርሰው ረጅም ቱቦ አንድ ብቻ ከሆነ ያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይስባል፤ መሳቢያና ማውጫ መለየት አለባቸው። ሦስተኛው በቀላሉ የሚዘነጋው ነው፦ አየር የሞላው ቱቦ በራሱ ይንሳፈፋል፣ ጭንቅላቱንም ደግፎ ይይዛል። መጥፎ ጃኬት ጥሩ ይመስላል። ስለዚህ ቱቦው ውሃ ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳይጎትት ክብደቱ መስተካከል ነበረበት።

አራተኛው የግፊት ጉዳይ ነው። ሰውየው ሲሰጥም የሚተነፍስበት የአየር ከረጢት ገንዳው ዳር ላይ ከቀረ፣ ደረቱ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ሲሆን ሳንባው 30 ሴንቲሜትር የውሃ ዓምድ ተጭኖት ለመሳብ ይታገላል። በኤተር የደከመ ጡንቻ ይህን ብዙ አይችለውም። ፓስክ ከአንድ ጊዜ በላይ ገንዳው ወለል ላይ ደርሷል፣ ውሃም ሳንባው ገብቷል። የዶክትሬት ጽሑፉን ሥራ ተኝቶ የጨረሰ ብቸኛው ሰው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል።

የበረራ ፊዚዮሎጂ
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። የአየር ግፊት የሚቀነስበት ዝግ ክፍል አላስፈለገም። ከፍታ ላይ ራስን የሚያስተው የኦክስጅን ማነስ ስለሆነ፣ መሬት ላይ ናይትሮጅን የበዛበት አየር በመስጠት ይኸው ይደገማል። ፓስክ በፓራሹት ማሰሪያ ተንጠልጥሎ ይህን አየር ይተነፍሳል፤ ረዳቶቹ በመውረጃው ፍጥነት ልክ ደረጃ በደረጃ ኦክስጅኑን ከፍ ያደርጉለታል። መንጠልጠሉ ለይስሙላ አይደለም፦ ራሱን የሳተ ሰው ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ የአየር መንገዱን ይዘጋል፣ ደሙም እግሩ ላይ ይጠራቀማል። አልጋ ላይ ቢተኛ ይህ አይታይም።

ጥቅሙ፣ አንድ ነገር ቢበላሽ በአጠገቡ የቆመው ሐኪም፣ ለራሱ የኦክስጅን ጭንብል ሳያስፈልገው፣ ወዲያው ንጹሕ ኦክስጅን ሊሰጠው ይችላል። ጉድለቱ፣ ብርዱና የግፊት መቀነሱ (በደም ውስጥ የሚፈጠረው የናይትሮጅን አረፋ) አይኖሩም።

ጠያቂ
እጅግ አመሰግናለሁ። ድብልቁን ለማስላት ሞከርኩ፦ በ40,000 ጫማ ግፊቱ 141 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ ስለዚህ 141 ሲካፈል ለ760 (የባሕር ወለል ግፊት)፣ ሲባዛ በ20.95 (አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በመቶኛ)። ወደ 3.9 በመቶ ኦክስጅን ይመጣል። ልክ ነኝ?

የበረራ ፊዚዮሎጂ
አይደለህም፣ ግን ስህተቱ የተለመደ ነው። ሳንባ ውስጥ የሚገባ አየር በሰውነት ሙቀት በውሃ ተን ይሞላል፤ የተኑ ግፊት በየትኛውም ከፍታ 47 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፣ አይቀንስም። ባሕር ወለል ላይ ከ760 ላይ 47 ሲነሳ ብዙም አይሰማ። ከ141 ላይ ሲነሳ ግን አንድ ሦስተኛው ሄደ። ስለዚህ (141 − 47) ሲካፈል ለ(760 − 47)፣ ሲባዛ በ20.95፦ ወደ 2.8 በመቶ። በዚሁ ስሌት 35,000 ጫማ 3.9፣ 30,000 ጫማ 5.3፣ 20,000 ጫማ 8.9 በመቶ ነው። አየህ፣ አንተ ያገኘኸው 3.9 የ35,000 ጫማው ነው፤ አምስት ሺህ ጫማ ዝቅ ብለህ ሞክረሃል ማለት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ በ35,000 ጫማ አንድ ሰው አእምሮው የሚሠራው ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ሲሆን፣ በ40,000 ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ብቻ ነው።

ፓራሹቱን ወዲያው ከከፈተ ደግሞ እስከ 10,000 ጫማ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሳይከፍት ቢወርድ ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ያለ ኦክስጅን የሚዘል ሰው ቶሎ መክፈት የለበትም፤ ከላይ የሚከፍት ግን የራሱ ትንሽ የኦክስጅን ጠርሙስ ያስፈልገዋል። ቶሎ መክፈት ሌላም ጣጣ አለው፦ ስስ አየር ውስጥ አወዳደቁ ፈጣን ስለሆነ ፓራሹቱ ሲከፈት የሚመታው በኃይል ነው። አሜሪካዊው የአየር ኃይል ሐኪም ራንዶልፍ ላቭሌስ በሰኔ 1943 ከ40,200 ጫማ ዘሎ ይህን በራሱ ላይ አየው። ምቱ ራሱን አሳተው፣ ጓንቱ ከእጁ ወለቀ፣ እጁም በብርድ ተጎዳ።

የነፍስ አድን
ሁለት የፓስክ ሥራዎች ስላልተነሱ ልጨምር።

አንዱ ሰው ሠራሽ ትንፋሽ ነው። ከባሕር የወጣ፣ መተንፈስ ያቆመ አብራሪ በየትኛው ዘዴ ይተንፍስ? ያኔ ይሠራባቸው ከነበሩት የሼፈር (በሆድ አስተኝቶ ጀርባን መጫን)፣ የሆልገር ኒልሰን (ጀርባን ተጭኖ ክንድን መሳብ) እና የኢቭ (ቃሬዛን እንደ ሚዛን ማወዛወዝ) ዘዴዎች ይገኙበታል። እዚህም ፈቃደኛ ሰው ያታልላል፣ ሳያውቀው ራሱ ይተነፍሳልና። ፓስክ ትንፋሹ እስኪቆም በኤተር ተደንዝዞ የሚገባው አየር ተለካ። ቁጥሩን ስታይ አንድ ነገር አትርሳ፦ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ ቧንቧ ውስጥ ይቀራል። 200 የሚያስገባ ዘዴ ለሳንባው የሚያደርሰው 50 ብቻ ነው። መጫን ብቻ እንጂ መሳብ የሌለው የሼፈር ዘዴ ድክመቱ እዚህ ላይ ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦታውን ለሆልገር ኒልሰን ለቀቀ፣ ያም ብዙ ሳይቆይ አፍ ለአፍ ለሚሰጠው ትንፋሽ።

ሌላው ከብርድ ውሃ የሚከላከለው ልብስ ነው። ፓስክ ከሼትላንድ ደሴቶች አካባቢ ቀዝቃዛ ባሕር ገብቶ ሞክሯል። ለእንዲህ ዓይነት ልብስ በ1943 ማንችስተር ውስጥ የተሠራው ጨርቅ ቬንታይል ይባላል፦ ላስቲክ ሳይቀባ እጅግ ተጠቅጥቆ የተሸመነ ጥጥ ነው። ሲደርቅ ላብ ያስወጣል፤ ሲረጥብ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ልብሱና ጃኬቱ ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። በልብሱ እግር ውስጥ የታሰረ አየር እግርን ወደ ላይ ያነሳል፣ የተደፋን ሰው እንደተደፋ ያጸናዋል፣ ጃኬቱም ሊገለብጠው ያቅተዋል። ስለዚህ ውሃ ከመግባትህ በፊት ዚፑን ዝጋ፣ ቁጢጥ በል፣ የአንገቱን ማኅተም በጣትህ ከፍተህ አየሩን አስወጣ። በጃኬቱ በኩል ደግሞ የእግር መሃል ማሰሪያውን አትተው። ካልታሰረ ጃኬቱ ወደ ጆሮ ይሸሻል፣ አፍ ወደ ውሃው ይወርዳል። ባለ 150 ኒውተን (15 ኪሎ ያህል የሚያነሳ) ጃኬት በ5 ሴኮንድ ውስጥ ይገለብጥሃል የሚባለው በትክክል ለታሰረ ጃኬት ነው።