ሊኑክስን ካሻሻልኩ በኋላ ማጫወቻው የጋራ ማህደሩን አልከፍትም አለ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊልምና ሙዚቃ የማስቀምጥበትን የቤት ኮምፒውተር ሊኑክስ ወደ አዲስ እትም ካሻሻልኩ ወዲህ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘው አሮጌ ማጫወቻ ፋይሎቹን ማግኘት አቅቶታል። የኮምፒውተሩ ስም በዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ ስከፍተው ግን ጥቂት ያሰላስልና «መገናኘት አልተቻለም» ይለኛል። የሚያናድደው ደግሞ ላፕቶፑና ስልኬ በዚያው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያለ ችግር መግባታቸው ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በፋየርዎል ወይም በማህደሩ ፈቃድ ላይ ማላከክ ይከብደኛል፤ የፋይል መጋራቱ የሚያልፍበት ወደብ 445ም ክፍት ነው።

የምጠረጥረው ሳምባን፣ ማለትም በሊኑክስ ላይ ማህደሮችን በአውታረ መረብ የሚያጋራውን ፕሮግራም ነው። ከእትም 4.11 ጀምሮ ኤስኤምቢ 1 (የፋይል መጋሪያው ፕሮቶኮል አሮጌ እትም) በነባሪነት ተዘግቷል፤ ማጫወቻው ደግሞ ከዚያ የተሻለ የሚያውቅ አይመስልም። አምራቹ ማሻሻያ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል። በሳምባ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ዝቅተኛውን ፕሮቶኮል ወደ ኤንቲ 1 (ሳምባ ኤስኤምቢ 1ን የሚጠራበት ስም ነው) መመለስ እንደሚቻል አንብቤአለሁ። ነገር ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተዛመተው በዊንዶውስ የኤስኤምቢ 1 ክፍተት በኩል መሆኑን ሳስብ እጄ ይያዛል፤ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሁሉ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው።

አሮጌውን ፕሮቶኮል ለዚህ ማጫወቻ ብቻ፣ ያውም ለፊልሙ ማህደር ብቻ ለይቶ መክፈት ይቻላል? ሁለተኛ ሳምባ ለብቻው ማስነሳት ያዋጣል? ወይስ ኤስኤምቢን ትቼ ወደ ዲኤልኤንኤ (ፊልምና ሙዚቃን በቤት አውታረ መረብ ወደ ማጫወቻዎች የማስተላለፊያ ስልት) ልዙር? በዲኤልኤንኤ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ በተለየ ፋይል የተቀመጠ የትርጉም ጽሑፍ አብሮ ይመጣላችኋል?