የለገሃሩ አሮጌ ሀዲድ የሳይክል መንገድ ይሁን ወይ?

ጥያቄው፦ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው፤ ለገሃር አይገባም። ታዲያ ከለገሃር ወደ ቃሊቲና አቃቂ የሚወርደው የድሮው መስመር የቤተሰብ ሳይክል መንጃ ይሁን? ሐሳባችሁን ጻፉ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይሁን ባይ ነኝ። ትንሿ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ሳይክል የተማረችው እሑድ፣ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ «መንገድ ለሰው» ሲባል ነው። በሌላው ቀን የት ትንዳ? በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ እንሂድ ብላት ዳገቱ እኔንም ያስለከልከኛል። ባቡር ግን ዳገት አይወድም። መስመሩን የዘረጉት ሰዎች ፉርጎ የሚጎትት ባቡር እንዳይቸገር ብለው አለሳልሰውታል። ለትንሽ እግር ከዚህ የሚሻል መንገድ ከየት ይመጣል?

የቂርቆስ ልጅ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ብትነዳ ደስ ይለኛል። ግን ሀዲዱ ዳር ጀበና ጥዳ ልጅ የምታሳድግ እናት አለች። እኔም ያደግኩት በእንደዚያ ያለ ቡና ነው። «ቦታው ሊለማ ነው» ሲባል መጀመሪያ ተነሽ የምትባለው እሷ ናት። ቦታዋ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ እሺ አልልም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ቦታዋ ይጻፍላት። ሳይክል የነዳ ሰው መቼም ቡና ያምረዋል።

ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፦ ልጆቼ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ብረቱ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ያ ሀዲድ አንዴ ከተነቀለ ማንም መልሶ አይተክለውም። ደግሞስ በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው 1 ሜትር ብቻ ነው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን አይነዱበትም። ጎማ ብረቱን ሰያፍ ከተሻገረ ተይዞ ይጥላል፤ ልጅ ይሰበርበታል። ስለዚህ መንገዱ ከሀዲዱ ጎን ይሠራ፣ ብረቱ ባለበት ይቆይ። ልጆቹ እየነዱ «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። እኔ ለገሃር ተቀምጬ እነግራቸዋለሁ።

የሳሪስ ነዋሪ፦ ጋሼ፣ ከጎኑ ቦታ ከሌለስ? አስፋልት በሚያቋርጥበትስ?

ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፦ አስፋልቱ ላይ መብራትና ጠባቂ ያስፈልጋል፤ በባቡሩም ጊዜ መኪና እናስቆም ነበር። በጠበበበት ደግሞ ወርደው እየገፉ ይለፉ። ከልጅ ጋር የወጣ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?