«ወላጆች ልጆቻቸውን ይያዙ» የተባለው ለማን ነው?

የብሎክ 7ቷ፦ የግቢያችን ኮሚቴ በር ላይ የለጠፈውን አያችሁ? ላላያችሁ ልጻፈው። «ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ሲጫወቱ በተፈጠረ ግጭት በሰው ልጅ ላይ እጅ ያነሱ ወላጅ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቁ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን እንዲይዙ» ይላል። ሲጫወቱ? እኔ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ስለነበር ከመጀመሪያው አይቻለሁ። 4 ጎረምሶች ያንን ኦቲዝም ያለበትን የ9 ዓመት ልጅ ከበው «ዘበኛውን ሌባ በለው» ይሉታል። ልጁ የሰማውን እንደሚደግም ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ጠዋት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ የሞላ!» እያለ እንደ ረዳት ሲጣራ የማይስቅ የለም። አለው። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ተነሳ። አንደኛው ለቲክቶክ ይቀርጻል። ልጁ ሲሮጥ ጥግ አስይዘው ባዶ ሃይላንድ ጆሮው ሥር አፈነዱበት። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ሲያጋጭ እናቱ ሊጥ እያቦካች ከነእጇ ወረደች። የሚቀርጸውን ኮሌታውን ይዛ «አጥፋው» አለችው። በቃ። አሁን ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ ናት?

ቀጭኑ፦ «ወላጆች ልጆቻቸውን ይያዙ» ነው የሚለው? ያዘች እኮ። የሰው ልጅ ያዘች እንጂ። የነሱን የሚይዝ ስለጠፋ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ማስታወቂያው በቃለ ጉባኤ የጸደቀ ነው። ኮሚቴው ለማንም አይወግንም። የሚቀርጸው ጎረምሳ እናት ልጄ በጥፊ ተመቷል ብለው በጽሑፍ አመልክተዋል። አቤቱታ የቀረበው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

የብሎክ 7ቷ፦ በአንድ ወገን የቀረበው ሌላኛዋ ልጇን ስታባብል ስላመሸች ነዋ! ማመልከቻ የሚጽፍ ጊዜ ያለው ያሸንፋል ማለት ነው?

ጋሽ ጡረታ፦ ልጆቼ፣ እኔ ሰባተኛ ነው ያደግሁት። በኛ ጊዜ የሰፈር ልጅ የሰፈር ነበር። ጥፋት ስትሠራ ያየ ጎረቤት ይገርፍሃል። ቤት ገብተህ ብትናገር እናትህ «እሰይ» ብላ ትደግምሃለች። ማመልከቻ የሚባል ነገር አልነበረም። ይቺ ልጅ ምንም አላጠፋችም። እንዲያውም አንሷል።

እማ ሽሮ፦ ጋሼ እድሜ ይስጥልን። ዛሬ የሰው ልጅ «ተው» ብትይ እንኳ «ምን አገባሽ» ነው።

ዝምተኛው፦ ጋሼ፣ ከተቆጡኝ ይቅርታ። በእርስዎ ጊዜ እንደዚህ ዓይነት ልጅ የት ነበር? ግቢ ውስጥ ሲጫወት ያዩት ትዝ ይልዎታል? ጓዳ ነበር። እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋበት ነበር። የኔ አጎት እንደዚያ ነው ያደገው፤ ጎረቤት መኖሩን ያወቀው ለቅሶው ቀን ነው። ያ የሰፈር ልጅ የሰፈር ነው የሚባለው ነገር እሱን አልጨመረም።

ጋሽ ጡረታ፦ እሱስ ልክ ነህ። እኔ ግን ያወራሁት ስለ ባለጌው ነው።

ሕግ ቢጤ፦ ስሜቱን ትታችሁ ሕጉን እዩ። የሰው ልጅ ኮሌታ መያዝም ያስጠይቃል። ልጅን በአግባቡ መቅጣት ለአሳዳጊው የተተወ ነው እንጂ ለጎረቤት አይደለም። በሌላ በኩል «ልጅ ነው» እያሉ ማለፍም የለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጨርሶ የማይጠየቀው ከ9 ዓመት በታች ያለ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው አባት ነው። ስለዚህ እናትየው መሄድ የነበረባት ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ነው።

ቀጭኑ፦ ልጇ ግድግዳ እየገጨ እሷ ከነሊጧ ታክሲ ተሰልፋ ጣቢያ ትሂድ? ደረሰኝም ይዛ ትመለስ።

ሕግ ቢጤ፦ ማሾፍ ቀላል ነው። ነገ አንተም የሰው ልጅ ይዘህ ብትከሰስ እኔ ጋ እንዳትመጣ።

ቀጭኑ፦ አልመጣም። አንተ ጋ የመጣ መቼ ረትቶ ያውቃል?

የጎረምሳው አባት፦ ዝም ልል ነበር። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ያደረገው ነውር ነው፤ ቤት ውስጥ ነግሬዋለሁ፣ ስልኩንም ወስጃለሁ። ነገር ግን ግቢው ሁሉ እያየ እንደ ሌባ ተይዞ ተንገላቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሏል። የሷ ልጅ ልጅ ነው፣ የኔስ? በጥፊ መመታቱን ደግሞ ያዩ አሉ።

እማ ሽሮ፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነበር አይደል? ኮሌታው ላይ ሊጥ አለ፣ ስልኩም ላይ ሊጥ አለ። ጉንጩ ላይስ ነበር?

የጎረምሳው አባት፦ ጠርጎት ሊሆን ይችላል።

እማ ሽሮ፦ የጤፍ ሊጥ? ወንድሜ፣ ጋግረው አያውቁም። የጤፍ ሊጥ እጅ ላይ ከደረቀ በውሃ ነክረው ነው የሚፍቁት። ኮሌታው አሁንም አልለቀቀም ብላ እናቱ ራሷ ስታማርር ሰምቻለሁ።

የብሎክ 7ቷ፦ 😂😂 መዝገብ ይከፈት። ኤግዚቢት 1፣ ሊጥ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ እባካችሁ ጉዳዩን ወደ ቀልድ አንቀይረው።

ማሜ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እኔ ቤቴን ያከራየሁ ብሆንም እከታተላለሁ። እዚህ አሜሪካ ቢሆን እሷ ነበረች በካቴና የምትወሰደው። እንደዚህ ላለ ልጅ ግን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሕግ አለ፤ ለያንዳንዱ የግል የትምህርት ዕቅድ ይጻፍለታል፣ ካስፈለገው ረዳት ይመደብለታል። ችግሩ ሥርዓት አለመኖሩ ነው።

ቀጭኑ፦ ጀመረች። የፓምፑን መዋጮ ከሲልቨር ስፕሪንግ ላኪና ሥርዓቱን አብረን እንገነባለን።

ኤደን (እኔም እዚያው ነኝ)፦ ማሜ፣ ወረቀቱስ አለ። የኔም ልጅ አለው። ግን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስወስደው «ወደ ኋላ ያዢው» የሚሉኝ ፈረንጆች አይደሉም። የኛው ሰዎች ናቸው። የልደት ጥሪ ላይ የሌላውን ልጅ ስም ጠርተው የሱን ይዘላሉ። ስለዚህ በሀገር ቤት ላይ አናፋ።

እንደሻው፦ አንድ እውነት ልናገር፣ አትቆጡ። እንደዚህ ዓይነት ልጅ ብቻውን ግቢ መልቀቅም ጥሩ አይደለም። ለራሱ ደኅንነት ነው የምለው።

ዝምተኛው፦ «መልቀቅ» አልክ? ልጁ ከብት ነው?

እንደሻው፦ ቃል አትሰንጥቅ። ሐሳቤ ገብቶሃል።

ዝምተኛው፦ ገብቶኛል፣ ለዚያ ነው የጠየቅሁህ። 4 ጎረምሳ ግቢ ሲለቀቅ «ለደኅንነት» ያልከው ነገር የለም። ሃይላንድ የፈነዳበት ነው ቤት መግባት ያለበት?

የብሎክ 7ቷ፦ ማስታወቂያውም ሲገለበጥ ይኸው ነው። «ወላጆች ልጆቻቸውን ይያዙ» ሲሉ ጎረምሶቹን አይደለም፣ እሱን ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ እንደዚያ አልተጻፈም።

የብሎክ 7ቷ፦ እንደዚያ ነው የተነበበው።

እንደሻው፦ እሺ፣ ጠበል ቢወስዱትስ? ወይ ከክትባቱ ነው የሚሉም አሉ።

ኤደን (እኔም እዚያው ነኝ)፦ የክትባቱን ነገር ተወው። እ.ኤ.አ. በ1998 ያንን የጻፈው የእንግሊዝ ሐኪም ጽሑፉ በ2010 ተሰርዞ ፈቃዱንም ተነጥቋል። እስካሁን ግን እናቶች ይገረፉበታል።

እማ ሽሮ፦ ጠበሉንም ወስዳዋለች፣ ይባረክና። ጠበል እኮ የጎረምሳ ስድብ አያቆምም።

መምህርቷ፦ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷ በሰላም ትረፍና፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ለራሷ ልጅ ቦታ ብታጣ ነው። ከዚያም ነህምያ የሚባለው ማዕከል መጣ። ቢሆንም ልጁ ከማዕከል ሲወጣ የሚገባው ይሄ ግቢ ነው። እኔ 9ኛ ክፍል አስተምራለሁ። እነዚህ ጎረምሶች ክፉ ሆነው አይደለም የምትሉኝን አልቀበልም፤ ክፉዎች ናቸው፣ ግን ብቻቸውን አይደሉም። ዘበኛውን ጠይቁ። ልጁ እንደማያውቅ እያወቀ ዱላ ያነሳው ማነው? ስንት ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ አየ? የ15 ዓመት ልጅ የሚስቅለት ባይኖር አይቀርጽም።

የብሎክ 7ቷ፦ በረንዳ ላይ የቆመችው እኔ ነኝ። ገባኝ መምህር።

መምህርቷ፦ ስም አልጠራሁም እህቴ።

የብሎክ 7ቷ፦ አልጠራሽም፣ በረንዳውን ነው የጠራሽው። ጮኬ ነው እናቱን የጠራኋት! እናቱ በማን አፍ የሰማች መሰለሽ?

የትንሹ እናት፦ ስትጽፉ ሳነብ ነበር፣ መልስ አላሰብኩም ነበር። ጥፊ አልመታሁም። እጄ አልተመኘም አልልም። ከዚህ በፊት የጎረምሳው እናት ጋ ቡና ጠጥተን ነግሬያት ነበር፤ «ልጆች ናቸው፣ ይተዉታል» አለችኝ። አልተዉም። ቪዲዮው ከልጇ ስልክ ጠፋ፣ ከሦስቱ ጓደኞቹ ግን አልጠፋም። ልጄ አሁን ደረጃውን አልወርድም ይላል። ማታ ማታ «ዘበኛውን ሌባ በለው፣ በለው፣ በለው፣ ቀርጸኸዋል?» ይላል። በጎረምሶቹ ድምፅ፣ ሳቁን ሳይቀር። ሽማግሌ ይምጣ፣ ቡና አፈላለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም።

ቀጭኑ፦ ጸሐፊ፣ ይሄንንም ቃለ ጉባኤ ላይ አስገባው። ምስክሩ ራሱ ልጁ ነው፣ ከነድምፁ።

ሕግ ቢጤ፦ በምስክርነት ይያዝ አይያዝ ሌላ ጥያቄ ነው...

ቀጭኑ፦ አንተ ሰውዬ!

የጎረምሳው አባት፦ የሦስቱን ወላጆች እኔ አነጋግራለሁ። ቪዲዮው እንዲጠፋ አደርጋለሁ። የኮሌታውን ጉዳይ ግን በሽማግሌ ፊት እንነጋገርበት። ልጄ ጥፋተኛ ነው ማለት ክብር የለውም ማለት አይደለም።

እማ ሽሮ፦ ክብር ከተነሳ፣ ልጅዎ ሊያናግረው የሚገባው ዘበኛውንም ጭምር ነው። ሌባ ተብሎ የተሰደበው እሱ ነው፤ አንድም ሰው አልጠየቀውም።

ጋሽ ጡረታ፦ ዘበኛው ልጁ ላይ ዱላ ያነሳ ሰው ነው፣ ይሄ ነው የሚካሰው?

እማ ሽሮ፦ አነሳ እንጂ አልመታም ጋሼ! «አንሷል» ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ 5 ሰዓት ብሎክ 3 ሥር ነው። አጀንዳ 1 የቅዳሜው ጉዳይ፣ አጀንዳ 2 የውሃ ፓምፕ መዋጮ። ማስታወቂያው እስከዚያ ይቆያል።

የብሎክ 7ቷ፦ አይቆይም። ጠዋት ቀድጄዋለሁ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ማኅተም ያለበት ወረቀት መቅደድ ያስቀጣል!

ሕግ ቢጤ፦ በየትኛው አንቀጽ?

ቀጭኑ፦ ፓምፑንስ ብሎክ 7 ለምን እኩል ይከፍላል? ውሃ እኮ አራተኛ ፎቅ ደርሶ አያውቅም።