ክላውዱ ሲቋረጥ ማካካሻውን ማን ያንቀሳቅሰው?

ጥያቄውን ያነሣው፦
ባለፈው ወር የምንከራየው ክላውድ (በኢንተርኔት የምንጠቀምበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ሌሊት ለሁለት ሰዓት ተኩል ተቋረጠብን። ውላችን አገልግሎቱ በወር ውስጥ 99.9 በመቶውን ጊዜ ይሠራል ይላል፤ በ30 ቀን ሲሰላ የሚፈቀደው መቋረጥ 43 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ከክፍያችን ላይ የሚቀነስልን ማካካሻ ግን ካልጠየቁ አይመጣም። ሌሊቱን ሰርቨር ሲያስነሣ ያደረ ሰው ጠዋት ደግሞ ሎግ (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን መዝገብ) ሰብስቦ፣ ሰዓቱን በደቂቃ ለይቶ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ማመልከት አለበት። ይሄ መቅረት አለበት! ሲያስከፍሉን በሰከንድ የሚቆጥሩ ሰዎች የተቋረጠውን ደቂቃ መቁጠር አያቅታቸውም።

ውል የሚያረቅቅ፦
ድካምህ ይገባኛል፤ ግን ቆጣሪው የማን ነው? አቅራቢው በራሱ ቆጣሪ ለክቶ በራሱ ከከፈለ ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው። በፈረንጆቹ የካቲት 28 ቀን 2017 የአማዞን የፋይል ማከማቻ አገልግሎት የሆነው ኤስ3 ሲወድቅ የአገልግሎቶቹን ሁኔታ የሚያሳየው ገጽ ማስተዳደሪያ ራሱ በኤስ3 ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ገጹን ማደስ አልተቻለም። የራስህን መለኪያ ይዘህ የመጠየቅ መብትህን አትልቀቅ።

የዳታቤዝ ባለሙያ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማካካሻው ብዙ ጊዜ ከወር ክፍያው ላይ 10 በመቶ ቢሆን ነው፤ ደንበኛ ጥሎን ሲሄድ የምናጣውን አይነካውም። ደግሞ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም የሚቆምባቸው አምስት አገልግሎቶች፣ እያንዳንዳቸው 99.9 ቢኖራቸው፣ አንድ ላይ 99.5 ገደማ ይሆናሉ። በወር 3 ሰዓት ተኩል ያህል ቆመን አንዱም ውል አልተጣሰም ሊባል ይችላል።

ጥያቄውን ያነሣው፦
መብቱን ልቀቁ መቼ አልኩ? የራሱ ቆጣሪ ያመነውን ሳይጠየቅ ይክፈል፤ በተረፈው እንከራከር። አምስቱ ስላልከው ግን እውነት ነው፤ እኛም ውል ስንፈርም አንድ በአንድ እንጂ ደምረን አላየነውም።

ውል የሚያረቅቅ፦
እንዲህ ከሆነ ተቀራርበናል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን «መቋረጥ» የሚለው ቃል እንዴት እንደተተረጎመ እዩ። አንድ ውል ላይ ያነበብኩት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከተጠቃሚዎች ወደ ሰርቨሩ የተላከ ጥያቄ ሁሉ ሲከሽፍ ብቻ እንደ መቋረጥ ይቆጥራል። ከ10 ጥያቄ 9ኙ ቢከሽፍ፣ በዚያ ቆጣሪ አገልግሎቱ እንደሠራ ነው።