አስቸኳይ፦ ወንድሜ የ11ኛ ክፍል የብቃት መመዘኛ ወድቆ ትምህርት አቆማለሁ እያለ ነው

የኮምቦልቻዋ እህት (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሐይቅ አካባቢ 11ኛ ክፍል ነው፣ ናቹራል። ትምህርት ቤቱ «ለዩኒቨርሲቲ መድረሳችሁን ካሁኑ እንይ» ብሎ ፈተና ሰጣቸው። ትናንት ውጤት ተለጠፈ። ሒሳብ 27.5፣ ፊዚክስ 30፣ እንግሊዝኛ 44። ከመቶ ነው። ከስሙ አጠገብ በቀይ «ዝግጁ አይደለም» ተጽፎበታል፣ ጓደኞቹ ሁሉ አይተውታል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። «በቃ ትምህርት ለእኔ አይሆንም፣ ከልጆቹ ጋር በባቲ በኩል ከአገር እወጣለሁ» ይላል። እናቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። እኔ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ነኝ፣ እስከ እሁድ መውጣት አልችልም። ሰኞ ክፍል ካልገባ የሚመለስ አይመስለኝም። ምን ልበለው? ይሄ ፈተና ካሁኑ አይችልም ማለት ነው?

የጦሳ ልጅ
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ እህል ይቅመስ። በባዶ ሆድ ሒሳብ እንኳን ለእሱ ለአስተማሪውም አይገባው። ከዚያ ያለፉትን ዓመታት የኢንትራንስ ጥያቄ ሰብስቦ ይሥራ። እኔን ያሳለፈኝ እሱ ነው።

ጋሽ የጁ
ልጆቼ፣ እስቲ ታላቅ ይናገር። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። ልጁ ያለበትን እዚያ ያውቃል፣ ወላጅም ያውቃል። እሱ ከቀረ ወዲህ ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ እስከ 12ኛ ድረስ ከውጭ የሚመዝነው የለም። በክፍል ፈተና 85 እና 90 ሲያይ የኖረ ልጅ 12ኛ ላይ ዱብ ዕዳ ይወርድበታል። በ2014 ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሹን ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2017 ትንሽ ተሻሽሎ 8.4 በመቶ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፣ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነው ልጅ ድክመቱን ያወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። የወንድምሽ ትምህርት ቤት ከአንድ ዓመት በፊት ስለነገረው ሊመሰገን ይገባል። ደግሞ ስልኩን ንጠቁት። የዘንድሮ ልጅ ሌሊቱን በቲክቶክ አንግቶ ቀን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

የኮምቦልቻዋ እህት
ጋሼ ስልክ የለውም። የእናቴን ነው የሚጠቀመው።

ቦርከና ማዶ
እኔ በጥያቄሽ አልስማማም። ሁሉም ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለበት ያለው ማነው? ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ የተማረ ልጅ እዚሁ ኮምቦልቻ ሠርቶ እየኖረ ነው። ዲግሪ ይዞ ደሴ ላይ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ስንት አለ። «ዝግጁ አይደለም» ከተባለ ሌላ መንገድ ይፈለግለት።

የኮምቦልቻዋ እህት
ወንድሜ፣ ሙያ አልናቅኩም። እሱ ሙያ ልማር ቢለኝ ነገውኑ አስመዘግበው ነበር። እሱ ያለው ግን ባቲ ነው።

የባቲ ሰው
ፈተናውን ለነገ አቆዩት። ዛሬ ማታ ከልጁ ጋር የሚያድረው ማነው? መንገዱን አውቀዋለሁ። ከዚህ አፋር፣ ከአፋር ጅቡቲ ኦቦክ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ የመን። ከሰፈሬ የወጡ ልጆች አሉ፣ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ያልተሰማ። ደላላ ልጅ የሚይዘው እንዲህ ባለ የንዴት ቀን ነው። የሚያከብረው አጎት፣ ሼህ ወይም ቄስ ካለ ዛሬውኑ ይሂድለት። አይቆጣው፣ አይምከረው። አብሮት ራት ይብላና እዚያው ይደር።

መምህርት ከወልዲያ
የባቲው ወንድሜ ያለውን አስቀድሙ። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ስለ ወረቀቱ ልጠይቅሽ። የጥያቄ ወረቀቱና የመልስ ወረቀቱ ተመልሶለታል? ጥያቄው ከየትኛው ክፍል የወጣ ነው? 27.5 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረኝም።

ሳይንት 04
ያለፉትን ዓመታት የኢንትራንስ ጥያቄ ይሥራ። በቴሌግራም ሞልቷል።

የኮምቦልቻዋ እህት
መምህርት እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ ወረቀቱን ከአልጋው ሥር አውጥታ ፎቶ ላከችልኝ፣ በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። 40 ጥያቄ ነው። እኔ አይገባኝም፣ ግን «ሊሚት» እና «ዴሪቬቲቭ» የሚል ይበዛበታል። የመጨረሻዎቹ መልሶች ሁሉም ሲ ናቸው። አጎታችን ደግሞ ዛሬ ማታ እነሱ ጋ ያድራል።

መምህርት ከወልዲያ
አንድ በአንድ አየሁት። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

12ቱ ጥያቄ ካልኩለስ ነው፣ ያ «ሊሚት» እና «ዴሪቬቲቭ» ያልሽው። ካልኩለስ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ነው፣ ገና አልተማረውም። ያልተማረውን ጠይቆ «ዝግጁ አይደለም» ማለት ልክ አይደለም። ይህን ትምህርት ቤቱ መስማት አለበት።

ግን ልጁን አላታልለውም፣ አንቺም አታታልይው። ካልኩለሱን ብናወጣውም ከቀሪው 28 ያገኘው 9 ነው። ስለዚህ ችግር አለ። ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ግን በደንብ ይታያል።

ማትሪክስ ላይ ጎበዝ ነው። ዘንድሮ የተማረው ነው፣ አንድም አልሳተም። የሳተው የ10ኛ ክፍሉን ነው። 17ኛውን ጥያቄ ተመልከቺ። «ሎግ 8 ሲደመር ሎግ 4 ስንት ነው» ይላል። እሱ 8 እና 4ን ደምሮ «ሎግ 12» ላይ አክብቧል። ሎጋሪዝም ሲደመር ግን ውስጡ ይባዛል፣ መልሱ ሎግ 32 ነው። በዚሁ ስህተት ሌሎች ሁለት ጥያቄዎችም ሄደውበታል። አንዲት ሕግ ሦስት ጥያቄ በላችበት። ይህን አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ካገኘ ያልቃል።

የቃል ጥያቄዎቹን በሙሉ ነው የሳተው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ እንግሊዝኛው ረጅም ነው። እንግሊዝኛ 44 ማምጣቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ 8 መልሶች ሲ የሆኑት ደግሞ ሰዓት አልቆበት ነው። ከባዱ ላይ ተጣብቆ ቀላሉን ሳያየው ቀረ።

አንድ ነገር ንገሪኝ። 10ኛ ክፍል ላይ ምን ሆኖ ነበር?

የኮምቦልቻዋ እህት
ያን ዓመት ትምህርት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ሲከፈትም በሩጫ ነው የጨረሱት። አንቺ ይሄን ከወረቀት እንዴት አወቅሽ?

መምህርት ከወልዲያ
ወረቀቱ ይናገራል። ለዚህ ነው ፈተናው 11ኛ ላይ መሰጠቱ የሚጠቅመው። አገር አቀፉ ፈተና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩትን ይነካል። የ10ኛ ክፍሉ ቀዳዳ ካሁኑ ከታየ የሚደፈንበት አንድ ዓመት አለ። ውጤት ለጥፎ መሄድ ግን ልጅ መስበር ነው። በቀይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር አልነበረም። ለእያንዳንዱ ልጅ የሳተው ርዕስ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ በእጁ ቢሰጠው ይበቃ ነበር።

ወሎዬ በካሊፎርኒያ
ልጄ እዚህ ነው የተማረው። የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከትምህርት ቤቶች ጋር ሆኖ እንዲህ ዓይነት ምዘና 11ኛ ክፍል ላይ ዘርግቷል። ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው የሚያየው። ውጤቱ ለመግቢያ አይቆጠርም። ጥሩ ያመጣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሌላ የምደባ ፈተና ሳይወስድ ያልፍ ነበር። መሀል ላይ ያለው «12ኛ ክፍል ላይ ይህን ኮርስ ከወሰድክ ትደርሳለህ» ይባላል። ያልደረሰውም 12ኛን በምን እንደሚያሳልፈው ካሁኑ ይነገረዋል። ማንም በዚያ ፈተና ከትምህርት አይወጣም።

ቦርከና ማዶ
መምህርት፣ ያለፉት ዓመታት ጥያቄስ አይጠቅምም? ሁሉም እሱን እያለ ነው። እኔም ልጁ ይሞክር ብያለሁ አሁን፣ ወረቀቱን ከተነተንሽው ወዲህ።

መምህርት ከወልዲያ
ይጠቅማል፣ ግን ኋላ ላይ። የሎጋሪዝምን ሕግ ሳያውቅ አሥር ዓመት ጥያቄ ቢሠራ አሥር ጊዜ ይስታል። መጀመሪያ የ10ኛ ክፍል መጽሐፉን ይክፈት። ቀጥሎ በየቀኑ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ያንብብ፣ የፊዚክስ መጽሐፉም ቢሆን ይሆናል። ከዚያ አሮጌ ፈተና፣ በሰዓት ተይዞ። ደግሞ ይህን ንገሪው፦ 12ኛ ላይ የሚወስደው ስድስት ትምህርት ነው፣ ከ600። ማለፊያው 300 ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ መለኪያው) ብቻቸውን 300 ይይዛሉ። እዚያ ላይ የሚሠራት እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ አላት።

የጦሳ ልጅ
አንድ ልጨምር። ከ2016 ጀምሮ ፈተናው በኦንላይንም ይሰጣል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ እዚያ ላይ ሰዓት ይበላበታል። ሐይቅም ደሴም ኮምፒውተር ቤት አለ፣ አልፎ አልፎ ይለማመድ።

ሐይቅ ዳር
እህቴ፣ እኔ እዚሁ ሐይቅ ነኝ፣ ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ሥራ እየፈለግኩ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ሎጋሪዝሙን ላስጠናው እችላለሁ፣ በነፃ። ስሙን እዚህ አትጻፊ፣ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ጓደኛ ይዞ ቢመጣ ይሻላል፣ ብቻውን እንዳይሸማቀቅ።

የባቲ ሰው
አላህ ይስጥህ ወንድሜ።

ጋሽ የጁ
ሰኞ ገባ ወይ ልጄ? ንገሪን እንጂ።

እናት ከመርሳ
ይቅርታ፣ በሷ ጥያቄ ላይ ልግባ። የእኔም ልጅ እንዲህ ያለ ፈተና ተሰጥቷታል፣ ሶሻል ናት። ታሪክ 38 አመጣች። ለእሷም ወረቀቱን ማየት ይሠራል ወይስ ለሒሳብ ብቻ ነው?

መምህርት ከወልዲያ
ይሠራል እናቴ። የሳተቻቸውን ጥያቄዎች ይዛ ከመጽሐፉ የትኛው ምዕራፍ እንደሆኑ ጎናቸው ላይ ትጻፍ። አንድ ምዕራፍ ላይ ከተከማቹ ያንን ምዕራፍ አልተማረችም ማለት ነው። ተበታትነው ከሆነ እንግሊዝኛውን ጠርጥሪ፣ አንድ ጥያቄ ድምፅ አውጥታ አንብባ በአማርኛ ምን እንደሚል ትንገርሽ። ጥያቄው ገብቷት መልሱን ካጣችው የታሪክ ነው፣ ጥያቄው ራሱ ካልገባት የቋንቋ ነው።