ማሳ ውስጥ ጠገራ ብር አገኘን፤ የማን ነው? ግብርስ አለው?

የቦኩ ልጅ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ፤ ከሰሞኑ ቤታችን ውስጥ ሰላም ጠፍቷል።

የአክስቴ ልጅ ከእንግሊዝ ለእረፍት መጥቷል። እዚያ ቅዳሜና እሁድ ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚፈልግ ማሽን) ይዘው እርሻ ለእርሻ ከሚዞሩ ሰዎች ጋር ነው የሚውለው፣ ለመዝናናት። ማሽኑን ይዞት መጣና የአጎታችን ማሳ ላይ እንሞክረው አለ። ማሳው ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲወጣ ነው። ጤፉ ታጭዷል፣ አጎቴም ፈቀደ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆርኪ፣ ሚስማርና የማረሻ ስባሪ ስንለቅም ዋልን። በሦስተኛው ቀን የድሮ ቤት መሠረት ያለበት ጥግ ላይ ማሽኑ ጮኸ። ክንድ የማይሞላ ቆፈርን። መጀመሪያ የጠቆረ ገል ወጣ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ የያዘው ክብ ነገር። በአውራ ጣቴ አፈሩን ስጠርገው የሴትዮዋ ፊት ብቅ አለ። ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት ጠገራ ብር! ቆጠርናቸው፣ 23 ናቸው። ሦስቱ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንዱን ቤት ወስጄ በሎሚና በአመድ አሸሁት፣ እንደ አዲስ አበራ።

ጭቅጭቁ ከዚያ ወዲህ ነው። አጎቴ "መሬቱ የእኔ፣ ብሩም የእኔ" ይላል። የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ግማሹ ለባለመሬቱ፣ ግማሹ ላገኘው ሰው ነው፣ ስለዚህ ድርሻዬን በሻንጣዬ ይዤ እመለሳለሁ ይላል። እናቴ ደግሞ "የሰው ላብ ነው፣ ቀብሮት የሞተ ሰው አለ፣ ካገኛችሁበት መልሱት" ብላ እንቅልፍ አጥታለች። አንድ ወርቅ ቤት ያለው ሰው በሚዛን ልግዛችሁ ብሎናል። በሕግ የማን ነው? ብንሸጠው ግብር አለው? ለመንግሥት ብናሳውቅስ እንታሰራለን? እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ።

መንገደኛው

ወንድሜ ምን አስጨነቀህ። ጠገራ ብር በየሰው ሣጥን ውስጥ አለ። ሽጡና ተካፈሉ። ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት ጊዜህ ነው የሚያልቀው።

ጠበቃ ከአዳማ

ከላይ የተሰጠህን ምክር አትስማ። ረጅም ነው የምጽፈው፣ ታገሠኝ።

ነገሩን የሚገዛው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ተንቀሳቃሽ ቅርስ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ የወርቅ፣ የብር፣ የነሐስና የመዳብ ገንዘብ አለበት። እርግጥ ትርጉሙ በታሪክ፣ በባህል ወይም በሳይንስ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው መሆኑን ይጠይቃል፤ ስለዚህ አያትህ ሣጥን ውስጥ ያለች አንዲት ጠገራ ሁሉ ቅርስ ናት ማለት አይደለም። ግን በሸክላ ዕቃ ተቀብሮ ከድሮ ቤት መሠረት አጠገብ የወጣ 23 ብር ሌላ ነው። ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው አንተም እኔም አይደለንም፣ ወርቅ ቤቱማ ጭራሽ አይደለም። የቅርስ ባለሥልጣን ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ሕጉ ሁለት ዓይነት ሰው ይለያል። አንዱ ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፍር ወይም በሌላ አጋጣሚ ድንገት ያገኘ ሰው ነው። እሱ ወዲያው ማሳወቅ አለበት፣ ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስም እንዳለ ጠብቆ ማቆየት አለበት። ካስረከበ ተገቢው ሽልማት ይሰጠዋል፣ ያወጣው ወጪ ካለም ይተካለታል። ሌላው ሆን ብሎ ፈልጎ የሚቆፍር ነው። ቅርስ ፍለጋ መቆፈር የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የአጎትህ እሺታ አይበቃም። እናንተ ማሽን ይዛችሁ ነው የወጣችሁት። ለመዝናናት ነው ብትሉም ወደ ሁለተኛው ታደላላችሁ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ዶማ እንዳታነሱ። ሄዳችሁ አሳውቁ፣ ስትናገሩም እንደነበረው ተናገሩ። "ስናርስ አገኘነው" የሚል ወሬ እንዳትፈጥሩ፤ በራሱ ፈቃድ ቀድሞ የመጣ ሰውና በጥቆማ የተያዘ ሰው አንድ ዓይን አይታዩም።

አጎትህን ደግሞ በአክብሮት እንዲህ በላቸው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ተቀበረ ሀብት አንቀጽ አለው፣ ባለመሬቱንም ያስባል። ያ ሕግ ሲጻፍ ግን መሬት የግል ነበር። ከየካቲት 1967 ወዲህ የገጠር መሬት የግል መሆኑ ቀረ፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አጎትህ ባለይዞታ ናቸው። ያርሱታል፣ ለልጅ ያወርሱታል፤ "መሬቱ የእኔ ነውና ከሥሩ ያለውም የእኔ ነው" ለማለት ግን አይበቃቸውም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ የጥንት ዕቃን ለልዩ ሕግ ይተወዋል።

ሻንጣውን በተመለከተ አጭር ነው። ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። የአክስትህ ልጅ ቦሌ ላይ ቢያዝ ነገሩ የቤተሰብ ጭቅጭቅ መሆኑ ያበቃል።

ሌስተር ነኝ

የአክስትህ ልጅ የነገረህ እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ። እኔ እዚሁ እንግሊዝ ነው የምኖረው፣ ጎረቤቴ ዲቴክተር ይዞ የማይሄድበት እርሻ የለም።

እዚህ ግማሽ በግማሽ የሚባለው ነገር መጀመሪያ አይደለም የሚመጣው፣ መጨረሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ አላቸው። በሕጉ መሠረት ውድ ሀብት ነው ከተባለ ንብረቱ የዘውዱ ነው፤ ያገኘው ሰው በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው መርማሪ ዳኛ ማሳወቅ አለበት። ሙዚየም ከፈለገው ኮሚቴ ዋጋ ይገምታል። ያ ዋጋ ነው በሽልማት መልክ አብዛኛውን ጊዜ በአግኚውና በባለመሬቱ መካከል ለሁለት የሚከፈለው። ያላሳወቀ ግማሽ የለውም።

ሁለት ታሪክ ልንገርህና ለዘመድህ አንብብለት። እ.ኤ.አ. በ1992 ሆክስን በምትባል መንደር አንድ ገበሬ መዶሻ ጠፋበት። አንድ ወዳጁ መዶሻውን በዲቴክተር ሊፈልግለት ሄዶ የሮማውያን ዘመን ወርቅና ብር ላይ ደረሰ። ጥቂት አወጣና ቁፋሮውን አቆመ፤ ባለሙያዎች ተጠርተው የቀረውን እንደተቀበረ፣ በቦታ በቦታው እያዩ አወጡት። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሳንቲም ነበር። ሽልማቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፣ ከገበሬው ጋር ተካፈሉት። መዶሻው ራሱ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሌምስተር አጠገብ ሁለት ሰዎች የቫይኪንግ ዘመን ወርቅና ብር አገኙ። 300 ያህል ሳንቲም እንደነበረው ይታመናል። ደብቀው መሸጥ ጀመሩ። በ2019 አንደኛው 10 ዓመት፣ ሁለተኛው 8 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባቸው። ከሳንቲሞቹ የተመለሰው 31 ብቻ ነው።

ሀዋሳ ታቦር

እኔ የምለው ስለ ማሽኑ ነው። ይህ ነገር አንዴ ከጀመረህ አይለቅህም፣ በራሴ አይቼዋለሁ። ጣሊያን ሲወጣ የቀበረው ወርቅ አለ ብለው ሁለት ሰዎች ያረጀ ካርታ ይዘው ቤታችን መጡ። ለማሽን ኪራይ፣ ለቆፋሪ እያሉ አንዴ አሥር ሺህ፣ አንዴ አምስት ሺህ ወሰዱብኝ። ሌሊት ሌሊት ስንቆፍር የጎረቤቴ አጥር ተናደ። እሳቸው ከእኔ ጋር ለመታረቅ ዓመት ፈጀባቸው። አንተ ደግሞ አንዴ አግኝተሃልና ወሬው ሲሰማ ካርታ የያዘ ሰው አይጠፋም። ማሳው ላይ ሰው እንዳይገባ አሁኑኑ ለቀበሌ ንገሩ።

አባ ሚዛን

ልጄ፣ ብር ሳነጥር 40 ዓመቴ ነው። አንድ ጠገራ 28 ግራም ግድም ይመዝናል፣ ከመቶ 83 እጁ ብር ነው። ወርቅ ቤቱ የሚከፍልህ ለዚያች ብር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እሳት ውስጥ ይገባል። እኔም ስንቱን አቅልጬ መስቀልና አልቦ ሠርቼበታለሁ። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሁሉም ላይ 1780 ተጽፎ ታያለህ። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው፣ ብሩ ግን ዓመቱ ሳይቀየር ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖሯል፣ በቪየና፣ በለንደን፣ በቦምቤይ፣ በሮምም። የሮሙ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ነው። ስለዚህ የተጻፈው ዓመት መቼ እንደተቀበረ አይነግርህም። የሚነግርህ ገሉ ነው፣ አፈሩ ነው፣ አብሮት ያለው ነገር ነው። የድሮ ነጋዴ ብሩን ሲቀበል ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ይቆጥር ነበር፤ ዘጠኝ ካልሞላ አይቀበልም። ቁጠራቸው። ጠርዙንም በጣትህ ዳሰው፣ ዙሪያውን ጽሑፍ አለበት።

በሎሚ ማሸቱን ግን ተው። የተጣበቁትን ሦስቱንም እንዳታላቅቃቸው። በጨርቅ ተቋጥሮ የተቀበረ ብር የጨርቁን ክር በዝገቱ ላይ ያስቀራል፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በደረቅ ወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጣቸው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ግብሩን ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልሞክር።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ይግባህ። ቅርስ ነው ከተባለ የምትሸጠው ነገር የለህም፣ ስለዚህ የሽያጭ ግብርም አይነሳም። ቅርስ አይደለም ተብሎ ቢመለስላችሁና ብትሸጡት ግን ገቢ ነው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በሠንጠረዥ "መ" ሥር በሌላ ቦታ ያልተጠቀሰ ገቢ ሁሉ 15 በመቶ እንዲከፈልበት ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የዛሬውን ምጣኔ ከምትገብሩበት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ሽልማት ከተሰጣችሁም ደብዳቤውን ይዛችሁ ያንኑ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ግብር መክፈል ዕቃውን የአንተ አያደርገውም። ገቢዎች ገንዘቡን ይቀበልሃል፣ ባለቤትነቱን አያጸድቅልህም። አሜሪካን አገር በዚህ የተከራከሩ ባልና ሚስት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 አሮጌ ፒያኖ በ15 ዶላር ገዙ። በ1964 ሲያጸዱት ውስጡ 4,467 ዶላር ተገኘ። ግብር ከፈሉና መልሱልን ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1969 ያገኛችሁት ገንዘብ በእጃችሁ በገባበት ዓመት ገቢያችሁ ነው ብሎ አሰናበታቸው። እዚያ እንኳን መጀመሪያ የሚጠየቀው ያለ ክርክር የአንተ ሆኗል ወይ የሚለው ነው። ያንተ ገና እዚያ አልደረሰም። በወርቅ ቤት በኩል ያለ ደረሰኝ ከሸጥከው ደግሞ ሁለት ጥፋት ነው የምታከማቸው።

የቦኩ ልጅ (አዳማ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያደረግነውን ልንገራችሁ።

የጠበቃውን መልስ ለአጎቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ይዞታ የተጻፈው ላይ ዝም አለ፣ ከዚያ "ታዲያ ማልደን እንሂድ" አለ። እኔ፣ እሱና የአክስቴ ልጅ ሦስታችንም ሄድን፣ ማሽኑንም ይዘን። የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያገኘናት ልጅ ብሩን አየት አድርጋ ወዲያው "ገሉስ የት አለ?" ብላ ጠየቀችን። ማሳው ዳር ጥለነዋል። ጉድጓዱን ሳትነኩ የጣላችሁትን ብቻ ልቀሙ አለችን። በማግስቱ እናቴ ወንፊት ይዛ አብራን መጣች። 11 ስባሪ አገኘን፣ አንዱ የአፉ ጠርዝ ነው፣ በውስጥ በኩል ጥቁር ጥላሸት አለው።

አባ ሚዛን፣ እንዳሉኝ ዕንቁውን ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነው፣ ፊታቸው በሚታየው ሁሉ ላይ። ካጠብኩት በስተቀር ሌሎቹን አልነካኋቸውም። ከተጣበቁት ሦስቱ በአንደኛው ጀርባ ላይ፣ በባትሪ ወደ ጎን ሳበራበት፣ እንደ ወንፊት የተሠራ ቀጭን መስመር ይታያል። ልጅቷም አየችው፣ ፎቶ አነሳችው።

23ቱንም አስረክበን በቁጥርና በክብደት የተጻፈ ወረቀት ተቀብለናል። የአጎቴም የእኔም የአክስቴ ልጅም ስም አለበት። እሱ ትናንት ተሳፍሯል፣ ማሽኑን ይዞ፣ ብር ሳይዝ።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከ1967 በፊት በዚያ በኩል ማን ይኖር እንደነበር የሚያውቅ ሽማግሌ ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ ጻፉልኝ። የቤቱ መሠረት በድንጋይ ነው፣ አራት ማዕዘን፣ ከደጁ አንድ የሾላ ጉቶ አለ። እናቴ የቀበረውን ሰው ስም ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም ትላለች።